ማኅተሙ አለ፣ መርፌው የለም



ባለፈው ወር ከመግሪብ በኋላ ባደረግነው የውይይት ምሽት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ርዕሱ የሐጅና የኡምራ ዝግጅት ነበር፤ ነገሩ ግን ሳናስበው ወደ ክትባት ዞረ። አንድ ወንድማችን «የኮቪድ ክትባት በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ እንደማያደርግ በኋላ ራሳቸው ነግረውናል፤ ታዲያ ሰው ለምን ይገደዳል?» አለ። ከጤና ሳይንስ የመጣች እህታችን ደግሞ «የምትከተበው ለራስህ ብቻ አይደለም፣ አጠገብህ ላለው ሰው ጭምር ነው» ብላ መለሰችለት። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር የኢሻ አዛን ደረሰና ተነሣን። ሁለቱም ሳይረኩ ነው የወጡት።

እኔ ያን ምሽት አንድ ቃል አልተናገርኩም። የምለው አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያፈርኩበትን ዛሬ ልንገራችሁ።

በ2016 ዓ.ም ከረመዳን በፊት አያቴ ለኡምራ ስትዘጋጅ የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልጋት ነበር። አጎቴ «እሷ መርፌ ትፈራለች፣ እናቷን አታስጨንቋት» አለና በሰው በሰው አንድ መንገድ አገኘ። እኔ ገንዘቡን ይዤ ከጀሞ ወጣሁ፣ ከአንድ ሰው ጋር ተገናኘሁ፣ ስሟ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ካርድ ይዤ ተመለስኩ። መርፌ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። በወቅቱ እንደ ትልቅ ጉዳይ አላየሁትም፤ ቀልጣፋ ልጅ ተብዬ ተመርቄያለሁ።

አያቴ ሄዳ ተመለሰች። በተመለሰች በሦስተኛው ቀን አተኮሳት፣ ራሷንም አመማት። በዚያው ሰሞን ሁለቱ የአክስቴ ሕፃናት ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ጉንፋን ሆኖ አለፈ። እኔ ግን እነዚያን ሦስት ሌሊቶች የልጆቹን ግንባር እየዳሰስኩ ነው ያነጋሁት። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያና ግንቦት፣ ከሳውዲ ጉዞ ጋር የተያያዙ 12 የማጅራት ገትር ሕሙማን በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ከኡምራ የተመለሱ ናቸው፤ ሁለቱ ግን የትም ያልሄዱ፣ ከተጓዦቹ ጋር የነበሩ ሰዎች ናቸው። የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው 9 ሰዎች አንዱም አልተከተበም ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። እኔ እንደሚገባኝ ወንድማችንም እህታችንም እውነት ይዘዋል፤ ግን የተናገሩት ስለተለያየ ክትባት ነው። «ክትባት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንደኛው የተከተበው ሰው እንዳይታመም ወይም እንዳይጠናበት ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተከተበው ሰው ለሌላው እንዳያስተላልፍ ማድረግ ነው። አንዳንዱ ክትባት ሁለቱንም በደንብ ይሠራል፤ አንዳንዱ የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። ሰውን ስለ ራሱ መምከር ይቻላል። ማስገደድ ግን ከባድ ነገር ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ሁለተኛው ሥራ ነው።

የሐጅ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1987፣ በእኛ በ1979 ዓ.ም፣ በሐጅ ወቅት «ኤ» በተባለው ዝርያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ሲከታተሉት የዚያው ዘር ወደ ሱዳን ገብቶ አገኙት፤ ቀጥሎም በ1981 ዓ.ም ኢትዮጵያን መታ። ያን ዓመት በሀገራችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው እንደታመመ ተመዝግቧል። ሀገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለሆነች እሳቱ ደረቅ ሳር ነው ያገኘው። ሳውዲም ከ1987 በኋላ ክትባቱን ለሑጃጅ ግዴታ አደረገች።

ግዴታው ግን ጎዶሎ ነበረው። የዚያን ጊዜው ክትባት፣ ፖሊሳካራይድ የሚባለው ዓይነት፣ የተከተበውን ሰው ከበሽታ ይጠብቃል፤ ባክቴሪያውን በጉሮሮው ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ግን አይከለክለውም። እ.ኤ.አ. በ2000 «ደብልዩ 135» የተባለ ሌላ ዝርያ በሐጅ ላይ ሲነሣ ይህ በግልጽ ታየ። በእንግሊዝ ከታመሙት አብዛኞቹ ሑጃጁ ራሳቸው ሳይሆኑ ቤት የቀሩት ዘመዶቻቸውና የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አራቱንም ዝርያዎች የሚይዘውን ክትባት ወስደው የሄዱ የሲንጋፖር ሑጃጅ ሲመለሱ ጉሮሯቸው ተመረመረ፤ ከ100ው 15 ያህሉ ያንኑ ዝርያ ተሸክመው ተገኙ። እነሱ አልታመሙም። የተሸከሙት ግን ነበር።

ከእኛ አካባቢ የሚሄዱ ሑጃጅ ሲደርሱ «ሲፕሮፍሎክሳሲን» የሚባል ክኒን እንዲውጡ ይደረግ እንደነበር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ብዙ ሰው «የተከተብን ሰዎች ደግሞ ክኒን ለምን?» ብሎ ቅር ይለው ነበር። መልሱ ይኸው ነው፤ ክትባቱ ሰውየውን ይጠብቀዋል፣ ክኒኑ ጉሮሮውን ያጸዳል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ስንቱ ሐጃጅ ሳይናደድ ይውጥ ነበር! ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስቆጣው ግዴታው ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን አለመስማቱ ነው።

በኋላ «ኮንጁጌት» የሚባለው አዲስ ዓይነት ክትባት መጣ። ይህኛው ባክቴሪያውን የመሸከሙንም ዕድል ይቀንሳል። ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራው «ሜንአፍሪቫክ» እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ፤ በዚያች ሀገር ዝርያ «ኤ»ን የተሸከመ ሰው ከዘመቻው በኋላ ከሞላ ጎደል ጠፋ፣ ካልተከተቡትም ጭምር። በኢትዮጵያም ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በዙር ተሰጥቷል። እህታችን «አጠገብህ ላለው ሰው» ያለችው እንግዲህ እንደዚህ ላለው ክትባት በትክክል ይሠራል።

ወደ ኮቪድ ስንመጣ ደግሞ የወንድማችን ነጥብ ይከብዳል። ይህን በእኛ የምሕንድስና ተማሪዎች መንገድ በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ በሽተኛ፣ ማንም ባልተከተበበት ቦታ፣ በአማካይ 5 ሰው ያሲዛል እንበል። ወረርሽኙ እንዲከስም እያንዳንዱ በሽተኛ ከአንድ ሰው በላይ ማስያዝ የለበትም። ስለዚህ ከ5ቱ መተላለፎች 4ቱ መዘጋት አለባቸው፤ 80 በመቶ ማለት ነው። ክትባቱ መተላለፍን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ከሆነ ከሕዝቡ 80 በመቶው ቢከተብ ይበቃል። ክትባቱ የሚዘጋው 80 በመቶውን ከሆነ ግን አንድም ሰው ሳይቀር ሁሉም መከተብ አለበት። 60 በመቶውን ብቻ የሚዘጋ ከሆነስ? ያኔ ሁሉም ሰው ቢከተብ እንኳ እያንዳንዱ በሽተኛ 2 ሰው ማስያዙን ይቀጥላል። ወረርሽኙ ይዘገያል እንጂ አይከስምም። አንድ ሰው አስገድደህ ብትጨምር ፍጥነቱን በጥቂቱ ትቀንሳለህ፤ «ያልተከተበው ነው ያላስቆመን» ማለት ግን አትችልም።

በኮቪድ የሆነው ከሞላ ጎደል ይህ ነው። ክትባቶቹ መጀመሪያ የተፈተኑት ሰውን ከሕመም ይጠብቁ እንደሆነ ለማየት ነበር፤ መተላለፍን ያቆሙ እንደሆነ አስቀድሞ አልተፈተነም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት አንዲት የፋይዘር ኃላፊ በአውሮፓ ፓርላማ ተጠይቀው ይህንኑ አረጋግጠዋል። ይህ ማለት ግን ምንም አላደረጉም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት የተከተበ ሰው ለቤተሰቡ የማስተላለፉ ዕድል ከ40 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ነበር። ዴልታ ሲመጣ ግን ይህ ጥቅም በወራት ውስጥ እየሳሳ ሄደ፤ ኦሚክሮን ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ወረደ። ከጽኑ ሕመምና ከሞት የመጠበቁ ኃይል ግን ከዚያ በጣም በተሻለ ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ «ክትባቱ አይሠራም» የሚለው ስሕተት ነው፤ «ካልተከተብክ ሌላውን ትገድላለህ» የሚለውም ከኦሚክሮን በኋላ እንደ ድሮው ሊያስኬድ የማይችል ንግግር ነው። ኦስትሪያ ለአዋቂዎች በሙሉ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 የካቲት አወጣች፣ በወሩ አገደችው፣ በዚያው ዓመት ሰረዘችው። ሕጉ ሲደርስ ምክንያቱ ቀድሞት ሄዶ ነበር።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ኡስታዞቻችን ሑክም ከዒላው ጋር እንደሚሄድ ያስተምሩናል፤ ምክንያቱ ካለ ድንጋጌው አለ፣ ምክንያቱ ሲነሣ ድንጋጌውም ይነሣል። የፊቅህ ትምህርት ቢሆንም ለጤና ደንብም ጥሩ ሚዛን ነው።

ሌላው ሚዛን ፍትሕ ነው። ኮቪድ በሀገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያው የኮቫክስ ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት፣ የደረሰን የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት ሀገር ለ1.1 ሚሊዮን ሰው የሚሆን ማለት ነው። በዚሁ ዓመት በሌላው ዓለም የክትባት ማስረጃ የሌለው ሰው አይሮፕላን እንዳይሳፈር ይከለከል ጀመር። የባሰው ደግሞ፣ ሕንድ ውስጥ የተመረተውን ያንኑ አስትራዜኔካ የተከተቡ ሰዎች በአውሮፓ ኅብረት የጉዞ ማስረጃ ላይ መጀመሪያ አልተቆጠሩም፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ባወጣችው ደንብ በአብዛኞቹ የአፍሪካ ሀገራት የተከተበን ሰው እንዳልተከተበ ቆጠረችው። ክትባቱ አንድ ነው፤ የተለየው የተወጋህበት ሀገር ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ በሽታ አይጠብቅም፤ በር ነው የሚጠብቀው። ሰውም ይህን ሲያይ «ካርዱ እንጂ መርፌው አይደለም የሚፈለገው» ብሎ ይደመድማል። የአጎቴ መንገድ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት አንድ ግዴታ ፍትሐዊ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። መጀመሪያ፣ ክትባቱ መተላለፍን በእርግጥ የሚቀንስ መሆን አለበት፤ በምን ያህል እንደሚቀንስም ለሰው በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ የሚገደደው ሰው ክትባቱን በአቅራቢያውና በአቅሙ ማግኘት የሚችል ይሁን። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ ሲነሣ ግዴታውም ይነሣ። በዚህ ሚዛን ኩፍኝን ብታስቀምጡት ያልፋል። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ 15 ሰው ያህል ሊያሲዝ ስለሚችል ከ15ቱ 14ቱን መዝጋት ያስፈልጋል፤ ከ95 በመቶ ያላነሰ ሰው ይከተብ የሚባለው ለዚህ ነው። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ መዝጋት የሚችል ነው፤ በጤና ጣቢያዎቻችንም በ9 እና በ15 ወር በነፃ ይሰጣል። የዛሬው የሐጅ ማጅራት ገትር ክትባትም በእኔ ግምት ያልፋል፤ ኮንጁጌቱን ማግኘት እስከተቻለ ድረስ። ይህ ሁሉንም ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። ሚሊዮኖች ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙበት ቦታ ለመሄድ የወሰነ ሰው የሚጠየቀው አማና ነው። የኦሚክሮን ዘመን ግዴታ ግን መጀመሪያውን ሚዛን ማለፍ ያቅተዋል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሁለተኛውንም አላለፈም።

የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «የሆስፒታል አልጋና ኦክስጅን ጥቂት በሆነበት ሀገር፣ ራስን ከጽኑ ሕመም መጠበቅም ለሌላው አልጋ መልቀቅ ነው» ይላል። እውነት አለው፣ ክብደትም አለው። ግን እንደዚያ ከሆነ ምክንያቱ ያ መሆኑ ይነገር። «መተላለፍን ለማቆም» ተብሎ ተጀምሮ፣ ያ ሳይሆን ሲቀር «ለአልጋ ነው» ከተባለ፣ ሰው ቀጥሎ የሚነገረውን እውነትም አያምንም። አሁን የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ «እንደ ኮቪዱ ነው» የሚሉ ወላጆችን ጀሞም መካኒሳም ሰምቻለሁ። የዚያ አለመተማመን ዋጋ የሚከፈለው በሕፃናት ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ላይ የዓምዋስን ወረርሽኝ ዜና የሰሙበትን ታሪክ ሁላችንም ተምረነዋል። ብዙ ጊዜ የምናነሣው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ስለመሸሽ የመለሱትን ነው። እኔን ግን አሁን አሁን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያደረጉት ነው። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ እነሱ ተለያዩ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ከወሰኑ በኋላም አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ሲቃወሙ አላንጓጠጧቸውም፤ በምሳሌ አስረዷቸው። ወሳኙ ኸሊፋ ነበሩ፤ ማዘዝ ይችሉ ነበር። ግን ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ምክንያታቸውን ተናገሩ። በውይይት ምሽታችን ላይ የጎደለን ይህ ነው፤ በእኔ ቤትም የጎደለው ይህ ነበር።

ከጎረቤት ደግሞ አንድ ሰው ላንሣ። በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ በኢትዮጵያ መጨረሻ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም በኦጋዴን አካባቢ ነው፤ በዓለም የመጨረሻው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም በሶማሊያ መርካ ከተማ የተያዘው ዓሊ ማኦ ማሊን ነው። ዓሊ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ክትባቱ እዚያው አጠገቡ ነበር፤ መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ ሳይከተብ ቀረ። በአላህ ፈቃድ ዳነ፤ ከእሱም ማንም ሰው አልተያዘም። ከዓመታት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰማርቶ ልጆቻቸውን ለማስከተብ የሚያመነቱ ወላጆችን የራሱን ታሪክ እየነገረ ያሳምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሞተውም በዚሁ ዘመቻ ላይ ሳለ በወባ ነው። ፈሪ ብሎ የሰደበው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሥራ የሚሠራ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለወንድማችን የምለው ይህ ነው፦ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ አታንሣው የሚልህን አትስማ። ግን ለኮቪድ ያገኘኸውን መልስ ለሁሉም ክትባት አታድርገው። ለእህታችን ደግሞ፦ እውቀቱ አለሽ፣ ግን «ለሌላው ነው» ስትዪ የትኛው ክትባት፣ በምን ያህል እንደሆነ ጨምሪልን። የጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን ከሚቀጥለው የሐጅ ወቅት በፊት ለጀመዓው ቤተሰቦች አንድ ሰዓት ቢመድቡ፣ እኔ ወንበር ለማስተካከልና ሻይ ለማፍላት ዝግጁ ነኝ።

ለሁላችንም የምለው አንድ ነገር ነው። ግዴታው ፍትሐዊ ነው ብለህ ካመንክ ተከተብ። ፍትሐዊ አይደለም ካልክ በግልጽ ተቃወም፣ ጻፍ፣ ጠይቅ፣ ጉዞውንም ተው። ሳይከተቡ ካርዱን መግዛት ግን ሁለቱንም አይደለም። ያ ካርድ «ይህች ሴት ተከትባለች» ብሎ ይመሰክራል፤ አብሯት ለሚሰግደው፣ አብሯት ለሚበላው፣ ቤት ለሚጠብቃት ሕፃን ይመሰክራል። ምስክርነቱ ሐሰት ነው፤ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ አያቴ ኢንሻ አላህ ለሐጅ እየተዘጋጀች ነው። ከውይይቱ ምሽት በኋላ ቅዳሜ ዕለት አጠገቧ ተቀምጬ የዚያን ጊዜውን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «መርፌ እንደምፈራ ማን ነገራችሁ?» አለችኝ። ማንም አልጠየቃትም ነበር። ሰኞ አብረን ሄድን። ክንዷን ሰጥታ ስትወጋ እያየሁ ነበር፤ ፊቷን ያዞረችው እኔ እንዳልፈራ ለማየት ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ።